ቀኑን ብቻ ንገሩን፦ በሩቅ ገጠር የፖስታ አገልግሎት ሲቀነስ

(በቃል የቀረበ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ፖስታ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አንዳንዶቻችሁ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁት ለመውጣት እንዲመቻችሁ ይመስለኛል። ችግር የለም፣ አልቀየምም።

በቀጥታ ልግባ። ፖስታ ቤት ሲዘጋ ሰው ይጮኻል። ፊርማ ይሰበሰባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የምክር ቤት አባል መጥቶ ፎቶ ይነሳል። ያው ፖስታ ቤት በቀን ስምንት ሰዓት መሥራቱን ትቶ ሁለት ሰዓት ብቻ ሲከፍት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ በቃ።

የአሜሪካ ፖስታ ይህን በደንብ ያወቀው ይመስለኛል። በ2011 ወደ 3,700 የሚጠጉ ፖስታ ቤቶችን ለመዝጋት አጠናለሁ ብሎ ዝርዝር አወጣ። ብዙዎቹ የገጠር ነበሩ። ያኔ ጉድ ፈላ። በዓመቱ፣ በ2012፣ ሌላ ዕቅድ ይዞ መጣ። 13,000 ገደማ ፖስታ ቤቶች አይዘጉም፤ ግን የመስኮት ሰዓታቸው በቀን ወደ ስድስት፣ ወደ አራት ወይም ወደ ሁለት ይወርዳል። ጩኸቱ በረደ። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ዕቅድ የነካው ቦታ ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለዚህ ዓይነቱ ድምፅ አልባ ቅነሳ ነው። ብዙ መልክ አለው። ሰዓት ይቀነሳል። ቀን ይቀነሳል። ቤት ድረስ ይመጣ የነበረው ፖስተኛ መንገድ ዳር የቆመ የጋራ ሣጥን ላይ አድርሶ ይመለሳል። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ምትክ ሳይቀጠርለት ይከርማል፤ መስመሩም "ለጊዜው" ተብሎ ከሌላ መስመር ጋር ይታጠፋል። ከእነዚህ አንዱም "አገልግሎቱ ቆሟል" አያሰኝም። በወረቀት ላይ ፖስታው አለ። ሰዎቹን ብትጠይቋቸው ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ገጠር መጀመሪያ የሚቀነሰው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ገጠር መቼ እንደተጨመረ ማየት ይሻላል። መጨረሻ ላይ ነው የተጨመረው።

ዘመናዊው ፖስታ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የ1840ውን የእንግሊዝ ቴምብር ነው። ከጀርባው ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው ነበር። ሂል ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሠራ። አንድ ደብዳቤ ከለንደን ኤድንብራ ለማጓጓዝ የሚወጣው ወጪ የአንድ ፔኒ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ሆኖ አገኘው። ከምንም አይቆጠርም። ገንዘቡ የሚያልቀው መንገድ ላይ አልነበረም። ደብዳቤውን መቀበሉ፣ እያንዳንዱን መመዝገቡ፣ ተቀባዩን ደጃፉ ላይ ቆሞ ገንዘብ መጠየቁ ነበር ወጪው። ስለዚህ ለሩቁም ለቅርቡም አንድ ዋጋ ይሁን፣ ላኪውም አስቀድሞ ይክፈል አለ። ቴምብር ከዚያ መጣ።

የማይነገረው ሌላው ገጽታ ይኸውላችሁ። ሂል ራሱ በመጀመሪያ ዕቅዱ አንድ ዋጋ ያለው ለዋና ዋናዎቹ የፖስታ ከተሞች ነው። ከዚያ ወዲያ ወዳሉ ትናንሽ መንደሮች የሚደረገው ማድረስ ተጨማሪ ይከፈልበት የሚል ሐሳብ ነበረው። በብሪታንያ ደብዳቤ እያንዳንዱ ቤት ድረስ ይሄዳል የሚለው ቃል የተገባው በ1897፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ስድሳኛ የንግሥና ዓመቷን ስታከብር ነው። ከቴምብሩ 57 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ መሀል ሙሉ ትውልድ ተወልዶ አርጅቷል።

አሜሪካም በዚያው ሰሞን ነው የነቃችው። ኦክቶበር 1 ቀን 1896፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ቻርልስ ታውን፣ ሃልታውንና ዩቪላ ከሚባሉ ሦስት ቦታዎች ተነስተው ፖስተኞች ወደ ገበሬዎች ቤት ሄዱ። ከዚያ በፊት የከተማው ሰው ደጁ ድረስ ሲመጣለት ገበሬው ደብዳቤውን ፍለጋ ራሱ ይጓዝ ነበር። ሁለቱም የከፈሉት ቴምብር ግን አንድ ዓይነት ነው። ሙከራው በ1902 ቋሚ ሆነ። የተቃወሙት ደግሞ የትናንሽ ከተማ ነጋዴዎች ነበሩ። ገበሬው ለደብዳቤ ብሎ ካልመጣ ሱቅም አይገባም ብለው ሰጉ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

አንድ ቅድመ ሁኔታም ነበረ፦ ፖስተኛው የሚያልፍበት መንገድ ደኅና መሆን አለበት። ስለዚህ መስመር የፈለገ አካባቢ ሁሉ መንገዱን ጠገነ፣ ድልድዩን አደሰ። ፖስታው መንገድ አመጣ ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ታሪኩ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። የአንድ አገልግሎት ጥቅም በራሱ መዝገብ ላይ ብቻ እንደማይጻፍ ስለሚያሳይ ነው። የተጠገነው ድልድይ በፖስታ ቤቱ የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ውስጥ የለም።

አሁን አንድ ቁጥር ልስጣችሁና እሱን ያዙልኝ። በ1901 አሜሪካ ውስጥ 76,945 ፖስታ ቤቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሆነው አያውቁም። ዛሬ 31,000 ገደማ ናቸው። መውረድ የጀመሩት ኢሜይል መጥቶ አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ራሱ የገጠር ፖስተኛው ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው ካለ በየመንደሩ መስኮት ምን ያደርጋል ተባለ። ስለዚህ ያኔ የተደረገው፣ በእኔ አነጋገር፣ ስምምነት ነው። ፖስታ ቤታችሁን ልዝጋው፣ በምትኩ እኔ ራሴ ደጃችሁ ድረስ እመጣለሁ ተባለ። ገጠሩም እሺ አለ። አሁን እየተቀነሰ ያለው የዚያ ስምምነት ሁለተኛው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ፣ ያ መስኮት፣ ተመልሶ አይመጣም። ከዚህ በኋላ ስለ "ቅነሳ" ስትሰሙ ይህ ይታወሳችሁ፤ ከሙሉ ነገር ላይ አይደለም የሚቀነሰው።

ለፖስታ ድርጅቶቹም ግን ፍርድ አላጎድልም። ችግራቸው የእውነት ነው። የአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ደብዳቤ በ2001 103.7 ቢሊዮን ነበር። በ2024 ወደ 44 ቢሊዮን ገደማ ወርዷል። ካናዳ ውስጥ በሃያ ዓመት ከ5.5 ቢሊዮን ወደ 2 ቢሊዮን ወርዷል። የሚደረስባቸው ቤቶች ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራሉ። ፖስተኛው ወደ አንድ ቤት ሲሄድ ሠላሳ ደብዳቤ ቢይዝም ሦስት ቢይዝም ነዳጁ ያው ነው፣ ጊዜውም ያው ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሥር ቆሞ አርባ ሣጥን ይሞላል። ገጠር ውስጥ ለአንድ ሣጥን ኮረብታ ይዞራል። የሂል ሒሳብ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ዛሬ ወጪው ያለው የመጨረሻዋ መንገድ ላይ ነው።

ቀን መቀነስ ግን እንደሚወራለት ገንዘብ አያድንም። ከስድስት ቀን ወደ ሦስት ስትወርዱ ወጪው በግማሽ አይወርድም። ጥቅሉ አይጠፋም፣ ይጠራቀማል እንጂ። የቀረው ቀን ሥራ በመጣው ቀን ላይ ይጫናል። መኪናው ያው አንድ መኪና ነው። ቁጠባ የለም አላልኩም፤ አለ፣ ግን ከሚባለው ያንሳል።

ደግሞ ሕጉም አለ። የአሜሪካው የ1970 የፖስታ ሕግ ቁርጥ ያለ ነው። ራሳቸውን በማይችሉ የገጠር ፖስታ ቤቶች ላይ ድርጅቱ የሚቻለውን ያህል አገልግሎት ይስጥ ይላል። ኪሳራ ስላለበት ብቻ አንድም ትንሽ ፖስታ ቤት እንዳይዘጋም ይከለክላል። "ብቻ" የሚለው ላይ ጠበቆች ብዙ እንጀራ በልተዋል። ሰዓቱን ወደ ሁለት ማውረድ ደግሞ መዝጋት አይደለም። ገባችሁ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቅነሳው መሬት ላይ ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ።

ትንሽ የገጠር ፖስታ ቤት ውስጥ ዱሮ የጭነት መኪናው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጠዋት የገባውን ያራግፋል፣ ማታ የወጣውን ይጭናል። ስለዚህ ዛሬ ቀን ያስገባችሁት ደብዳቤ ዛሬ ማታ መንገድ ይጀምራል። የአሜሪካ ፖስታ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ ከአካባቢው ትልቅ የመለያ ማዕከል ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ያሉ ፖስታ ቤቶች ላይ የማታውን ጉዞ ማስቀረት ጀመረ። መኪናው ጠዋት ብቻ ይመጣል። ሲያራግፍ የትናንቱን ይጭናል። ደብዳቤያችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያድራል። ቅዳሜ ካስገባችሁት እስከ ሰኞ ይቆያል። የአገሪቱ የፖስታ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2025 መጀመሪያ ላይ ይህ አሠራር ገጠሩን ነጥሎ ይጎዳል ብሎ ተችቷል። አስተያየቱ ግን አስገዳጅ አይደለም፤ ሥራው ቀጠለ።

አንድ ቀን ምን አላት? ትላላችሁ። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር፣ ማኅተሙ እስኪነሳ ድረስ። ፖስታ ላይ ቀን ያለው ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው በመለያ ማዕከሉ ማሽን ነው፤ ደብዳቤውን በተቀበለችው ትንሽ ፖስታ ቤት አይደለም። ደብዳቤው ካደረ ማኅተሙም የነገን ቀን ይዞ ይመጣል። ድርጅቱ ራሱ ከዲሴምበር 24 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ደብዳቤውን የተረከብንበት ቀን ላይሆን ይችላል።

በዚያች ማኅተም ላይ ግን ስንት ነገር ተንጠልጥሏል! በአሜሪካ የግብር ሕግ ማስታወቂያህን በሰዓቱ ላክህ ወይስ ዘገየህ የሚለው የሚታየው በማኅተሙ ቀን ነው። በፖስታ ድምፅ የሚሰጥባቸው አንዳንድ ግዛቶች ድምፁን የሚቆጥሩት እስከ ምርጫው ዕለት ማኅተም ካረፈበት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ደብዳቤ ያስገባሉ። አንዱ ከማዕከሉ አጠገብ ነው፣ ሌላው ከተራራው ማዶ። የአንዱ ድምፅ ይቆጠራል፣ የሌላው ይጣላል። ያጠፋው ጥፋት የለም፣ ርቆ መኖሩ ነው።

መፍትሔ አለው ይባላል። ወደ መስኮቱ ሄዳችሁ "እዚሁ በእጅ ምቱልኝ" ብትሉ ይመቱላችኋል። እውነት ነው። መስኮቱ ግን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት መጀመሪያ ላይ ነግሬአችኋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ይላካል። በሕይወቱ! አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ ተጠጋግተው እየተሟሟቁ ይሄዳሉ። የሚቻለው በተፈጥሮ ስጦታ ነው። ጫጩት ከመፈልፈሉ በፊት የዕንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል። እሷን ይዞ ያለ ምግብና ያለ ውሃ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ብዙ ትናንሽ ዶሮ አርቢዎች በዚያች ሦስት ቀን ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በ2020 ኦገስት፣ በየቦታው የፖስታ መዘግየት በነበረበት ወቅት፣ ሜይን ግዛት የደረሱ ሺዎች ጫጩቶች ሞተው ተገኙ። ሠንጠረዥ ላይ ሲታይ "አማካይ መዘግየት አንድ ቀን" ነው። ጫጩቱ ግን በአማካይ አይሞትም።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞችና የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ተመላላሽ ሕሙማን ከሚወስዱት መድኃኒት 80 በመቶ ገደማውን የሚልከው በፖስታ ነው። ፋርማሲው ሩቅ ከሆነ ፖስታ ሣጥኑ ፋርማሲ ነው። ሰውየው ኪኒኑ ሊያልቅ ሲል ያዝዛል፤ መቼ እንደሚደርስ ስለሚያውቅ። ቀኑ ከተወላገደ ቀድሞ ማዘዝ አለበት። ቀድሞ ሲያዝዝ ደግሞ ኢንሹራንሱ "ገና ነው" ይለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሱፓይ አለመናገር አልችልም። አሪዞና ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን ሸለቆ ሥር ያለ የሀቫሱፓይ ሕዝብ መንደር ነው። መኪና አይገባም። ፖስታው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል በበቅሎ ይወርዳል። ጋዜጠኞች በቅሎዋን በጣም ይወዷታል፤ ፎቶዋ ያልወጣበት ቦታ የለም። ቱሪስቱም የበቅሎ ሥዕል ያለበትን ማኅተም ለማስመታት ፖስትካርድ ይልካል። እኔ የምላችሁ ግን ጭነቱን እዩት ነው። አብዛኛው የፍቅር ደብዳቤ አይደለም። አስቤዛ፣ ዕቃ፣ የቤት ፍጆታ ነው። እነዚያ በቅሎዎች ቢቀሩ የሚጎድለው ትዝታ አይደለም።

ከፖስተኛው ጋር ስለሚጠፋ ሌላ ነገርም ላንሳ። በየቀኑ የሚመጣ ሰው ያያል። ትናንት ያስቀመጠው ደብዳቤ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ካገኘው፣ ውስጥ ያሉት አዛውንት ወድቀው ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። አሜሪካ ውስጥ ይህን በሥርዓት የሚያስኬድ ፕሮግራም ከ1982 ጀምሮ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ በ2017 ወደ አገልግሎት ቀየረችው። ላ ፖስት፣ ፖስተኛው ወላጆችህን በሳምንት እየጎበኘ ደኅንነታቸውን ይንገርህ፣ በወር ክፈል አለ። አልነቅፍም፤ ደብዳቤ ሲጠፋ ፖስተኛውን ሥራ ላይ ማቆያ ብልሃት ነው። ግን ዱሮ በነፃ የነበረ ዓይን ነው አሁን ደረሰኝ የተቆረጠለት። ልጅ የሌለውን አዛውንት ማን ይከፍልለታል?

"የግል ድርጅቶች አሉ አይደል?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አሉ። ከተማ ውስጥ ይሽቀዳደማሉ። ሩቅ ገጠር ላይ ሲደርሱ ግን ወይ የርቀት ጭማሪ ያስከፍላሉ፣ ወይ ጥቅሉን ለመንግሥት ፖስታ አስረክበው የመጨረሻዋን መንገድ እሱ እንዲጨርስ ያደርጋሉ። አትራፊ ድርጅት ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ፖስታው ሲቀነስ እነሱ ገብተው ይሞሉታል ብሎ ማሰብ፣ ድልድዩ ቢፈርስ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መኪና ይተካዋል እንደ ማለት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይሻላል? ሁሉም እንደነበር ይቆይ ማለት ቀላል ነው። ያን አልልም። ዴንማርክን እንይ። የአገሪቱ ፖስታ የተጀመረው በ1624 ነው። ከ2000 ወዲህ ደብዳቤው ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። የፖስታ ድርጅቱ ፖስትኖርድ በ2025 ማብቂያ ላይ ደብዳቤ ማደሉን ጨርሶ አቆመ፤ 1,500 ቀይ የመንገድ ሣጥኖቹንም ነቀለ። ይህን የሰሙ ባለሥልጣኖች ሌላ አገር "ዴንማርክ አቁማለች፣ እኛስ?" ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ግን አያነሱም። ዴንማርክ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ፣ በ2014፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ በዲጂታል ሣጥን እንዲገባ በሕግ አስገድዳለች። የማይችሉ ሰዎች ነፃ የሚወጡበት መንገድም ነበረው። በደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር መጀመሪያ አወረዱ፣ ገመዱን ኋላ ቆረጡ። ያም ሆኖ ደብዳቤ ፈጽሞ አልቀረም፤ አንድ የግል ድርጅት ሥራውን ይዞታል። አሁንም ወረቀት የሚፈልጉ አዛውንቶች ቅሬታ አላቸው።

በሌላ አገር የማየው የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ፖስታው ይቀነሳል። ፍርድ ቤቱ ግን አሁንም "መጥሪያው በፖስታ ተልኳል፣ ደርሶታል ተብሎ ይገመታል" ይላል። ባንኩ ካርዱን በፖስታ ይልካል። ግብር ሰብሳቢው ማኅተም ያያል። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ፖስታ መቀነሱን ማንም አልነገራቸውም፣ ወይም ተነግሯቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ዕዳው የሚወድቀው በፖስታውና በመሥሪያ ቤቶቹ መሀል በተያዘው ሰው ላይ ነው።

ኒው ዚላንድ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ታያላችሁ። በ1988 ፌብሩዋሪ 5 በአንድ ቀን 432 ፖስታ ቤቶች ተዘጉ። በአንድ ቀን! እስካሁን ይወራል። በ2013 ግን የማድረሻ ቀን እንዲቀነስ መንግሥትና ፖስታው ሲስማሙ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ለከተማ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለገጠር ቢያንስ አምስት ቀን ብለው ጻፉ። ገጠሩ ከከተማው በለጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ፖስታው ቢቀር ሌላ አማራጭ መንገዱን ተሻግሮ አለ። በኋላ ቁጥሩ እንደገና ተቀነሰ፤ ቢሆንም አስተሳሰቡን ልብ በሉት። ቅነሳ ሁሉ ከሩቁ መጀመር አለበት የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም።

ካናዳ በ1994 የገጠር ፖስታ ቤቶች እንዳይዘጉ ዕገዳ ጣለች። ወደ 4,000 የሚጠጉ ቦታዎችን ይሸፍን ነበር። በ2025 ሴፕቴምበር መንግሥት ዕገዳውን አነሳለሁ አለ። ያነሳው መከራከሪያ ውሃ የሚያነሳ ነው፦ በ1994 ገጠር የነበሩ አንዳንድ ቦታዎች ዛሬ የከተማ ዳርቻ ሆነዋል። ትክክል። እንግዲያው ዝርዝሩን አድሱት። ዝርዝሩ አረጀ ብሎ ጥበቃውን ማንሳት ሌላ ነገር ነው።

የራሴን አቋም ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ። በወረቀት ላይ ስድስት ቀን ከሚሆን፣ በተግባር የማይዘልል ሦስት ቀን ይሻለኛል። ብዙ የከተማ ሰው ገጠሩ ፍጥነት የሚጠይቅ ይመስለዋል። አይደለም። ርቆ የሚኖር ሰው መዘግየት ያውቃል፣ ኑሮውን በሱ አስልቶ ነው የሚኖረው። የሚጠይቀው ቀኑ እንዲታወቅ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ከሆነ ማክሰኞና ዓርብ ይሁን። መድኃኒቱንም ጫጩቱንም በዚያ ያቅዳል። በ1845 የአሜሪካ ምክር ቤት ሩቅ መስመሮችን ለግል አጓጓዦች በጨረታ ሲሰጥ ሦስት ነገር ነበር የጠየቀው፦ ፍጥነት፣ አስተማማኝነት፣ ደኅንነት። በምን ትሄዳለህ አላለም፤ በፈረስም በእግርም ሂድ ነው። ከሦስቱ ሁለተኛው ቢጠበቅ አንደኛው ላይ ብዙ መደራደር ይቻላል። ዛሬ ግን የአፈጻጸም ሪፖርት ሲወጣ የሚታየው የአገሪቱ አማካይ ፍጥነት ነው። ከተማው ብዙ ስለሆነ አማካዩን ከፍ ያደርገዋል፤ ገጠሩ ውስጡ ይቀበራል። ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። የገጠሩ ውጤት ለብቻው ይውጣ፣ በየመስመሩ። የተዘለሉ ቀኖችም ይቆጠሩ። ካልተቆጠረ ማንም አያስተካክለውም።

ከተሰብሳቢው የመጡ ብዙ ጥያቄዎች ነበሩ፤ አንዱን ብቻ ላስፍር። አንድ ወጣት "ድሮን አለ እኮ፣ ለምን እንደክማለን?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዚፕላይን የሚባለው ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ሩዋንዳ ውስጥ ደም ለጤና ተቋማት በድሮን ያደርሳል። የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ የሰው ሕይወት ያድናል። ጭነቱን በትንሽ ፓራሹት ጥሎ ይመለሳል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ይጥላል እንጂ አይቀበልም። ፖስታ ግን ሁለት አቅጣጫ ያለው ነገር ነው። ቅድም የነገርኳችሁ የማታው መኪና መቅረት የጎዳው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፣ ላኪውንም ነው። ማር የሚሸጠው፣ ዘር የሚልከው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚመልሰው ሰው እዚያው ገጠር ውስጥ ነው ያለው። ድሮኑ የሱንም ጥቅል አንስቶ መሄድ የቻለ ዕለት ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ። እሱም ቢሆን ግን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ መናገር አለበት።